ምዕራፍ 7፦ ራውተሩ ከፊት፣ ቴሌቪዥኑ ከጓሮ

እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ደቻቱ ወንዝ ዳር ሲደርስ ጣቢያ ተተከለ፤ ድሬዳዋም በጣቢያው ዙሪያ ከተማ ሆነች። በዚያ ዘመን በባቡር የመጣ ሰው የሚወርደው ከዚራ ሰፈር መሀል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር ግን ከተማው ውስጥ አይገባም፤ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ተሠርቷል። ከአዲስ አበባ የመጣ መንገደኛ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በሐዲድ ከተጓዘ በኋላ ሻንጣውን አውርዶ ባጃጅ ወይም ሚኒባስ ይፈልጋል። ቤቱ የሚደርስበትን ሰዓት የምትወስነው ብዙ ጊዜ ይህች የመጨረሻዋ አጭር መንገድ ናት።

የቤት ውስጥ ኢንተርኔትም እንዲሁ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ ተጀምሯል፤ ሳሎኑ ሞልቷል። ስማርት ቴሌቪዥኑ ላይ ምስሉ ድንገት ይቆምና ክቧ ትሽከረከራለች። «አቦ፣ ቆመ!» ይላል አንዱ። ስልኩን ይዞ ወደ ፊተኛው ክፍል የወጣው ልጅ ግን ያንኑ ጨዋታ ሳይቆራረጥ ያያል። ኢንተርኔቱ ያው አንድ ነው፤ የተከፈለበት ሂሳብም አንድ ነው። ልዩነቱ ያለው ከራውተሩ እስከ ቴሌቪዥኑ ባሉት ጥቂት ሜትሮች ላይ ነው።

ይህ ምዕራፍ የሚናገረው ስለ እነዚያ ጥቂት ሜትሮች ነው። ስማርት ቴሌቪዥን፣ የዲሽ ሪሲቨር፣ ፕሌይስቴሽን፣ ብዙዎቹ ከጀርባቸው የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ ያላቸው ዕቃዎች ናቸው፤ ራውተሩ ግን ከእነሱ ርቆ ሌላ ክፍል፣ አንዳንዴም ሌላ ቤት ውስጥ ተቀምጧል። መፍትሔው ብዙ ሰው እንደሚያስበው ፈጣን ፓኬጅ መግዛት ወይም ቴሌቪዥን መለወጥ አይደለም።

እስከ ራውተሩ ያለው መንገድ

በምዕራፍ 3 እንደታየው፣ ከውጭ ዓለም ወደ ኢትዮጵያ ከሚገባው ኢንተርኔት ከፍተኛው ድርሻ በባሕር ውስጥ በተዘረጉ የፋይበር ገመዶች ጎረቤት አገር ይደርስና በየብስ ፋይበር ድንበር ይሻገራል። ከእነዚህ በሮች አንዱ ጅቡቲ ነው። በፋይበሩ ውስጥ መረጃው በብርሃን ስለሚሄድ ግድግዳና ዝናብ አያውቀውም። ፋይበር በገባበት ቤትም ይኸው ሐዲድ እስከ ግቢው ድረስ ይዘልቃል።

ሐዲዱ የሚያልቀው ራውተሩ ላይ ነው። ራውተሩ የቤቱ ጣቢያ ነው፤ ከውጭ የመጣውን ጭነት ተቀብሎ በየአድራሻው ያከፋፍላል። ከዚያ ወዲያ ጭነቱ የሚጓዘው በሁለት መንገድ ነው፤ ወይ በገመድ፣ ወይ በአየር። ገመዱ ሐዲዱን ማስቀጠል ነው። ዋይፋዩ ደግሞ ባጃጁ ነው፤ የትም ለመግባት ይሞክራል፣ ለሁሉም ይደርሳል፣ ነገር ግን መንገዱ ሲጠብና ሲጨናነቅ ይዘገያል።

ጣቢያው የት እንደሚተከል የሚወስነው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቴሌቪዥኑ አይደለም። መስመሩን የሚያስገባው ባለሙያ ገመዱ ከመንገድ የሚገባበትን ቅርብ ክፍል ይመርጣል፤ ከፊት ሱቅ ያለው ቤት ከሆነ ራውተሩ ሱቁ ውስጥ ይቀራል። በሞባይል ኔትወርክ የሚሠሩ፣ ሲም ካርድ የሚገባባቸው ራውተሮችም አሉ። እንዲህ ያለው ራውተር ደግሞ የሚሻለው የማማው ሲግናል ደህና በሚገባበት መስኮት ሥር ነው። ቴሌቪዥኑ በበኩሉ ቤተሰቡ የሚሰበሰብበትን፣ ነፋስ የሚያገኘውን ክፍል ይዟል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚያገናኛቸው መንገድ ብቻ አልታሰበበትም።

ግድግዳ፣ ቆርቆሮ፣ የውሃ ታንከር

ዋይፋይ የሬዲዮ ሞገድ ነው። የቤት ራውተሮች በብዛት የሚጠቀሙት ሁለት የሞገድ ክልሎችን ነው፤ በተለምዶ 2.4 ጊጋ እና 5 ጊጋ ይባላሉ። ቁጥሩ ሞገዱ በአንድ ሰከንድ ስንት ቢሊዮን ጊዜ እንደሚርገበገብ ይናገራል። የ2.4 ጊጋ አንድ ሞገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ 12.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ የ5 ጊጋው ከ6 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ረጅሙ ሞገድ ግድግዳ በመሻገር ይሻላል። አጭሩ ደግሞ ብዙ መረጃ ይሸከማል፣ በሰፈሩ ሌሎች ራውተሮችም ያን ያህል አይጨናነቅም፤ ግድግዳ ላይ ግን ቶሎ ይዳከማል።

ርቀት ራሱ ዋጋ ያስከፍላል። በገላጣ ቦታ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር የሚደርሰው ጉልበት ወደ ሩብ ይወርዳል። ቤት ውስጥ ደግሞ በዚህ ላይ እንቅፋቱ ይደመራል። የጂፕሰም ወይም የእንጨት ክፍልፋይ ብዙም አይጎዳም። ብሎኬት ይቀንሳል። ብረት የታሰረበት ኮንክሪት በጣም ይቀንሳል። በከዚራ የሚገኙ የቆዩ የድንጋይ ቤቶች ወፍራም ግድግዳ ሙቀቱን እንደሚከላከል ሁሉ ሞገዱንም ያዳክማል።

ከሁሉ የሚከፋው ብረት ነው። ሞገዱ የቆርቆሮ ግድግዳ ወይም የቆርቆሮ አጥር ሲገጥመው አብዛኛው ነጥሮ ይመለሳል እንጂ አያልፍም። የብረት በር፣ ፍሪጅ፣ የብረት ቁም ሳጥንም ያው ናቸው። መስታወትም ከጀርባው ስስ የብረት ቅብ ስላለው ይመልሳል። ውሃ ደግሞ ሞገዱን ይውጣል፤ ስለዚህ በራውተሩና በቴሌቪዥኑ መሀል የቆመ የውሃ ታንከር ትልቅ እንቅፋት ነው። የሰው ገላም አብዛኛው ውሃ በመሆኑ ሳሎኑ በእንግዳ ሲሞላ ሲግናሉ በመጠኑ ይቀንሳል።

የሲግናሉን ጥንካሬ ባለሙያዎች የሚለኩት ዴሲቤል በሚባል መለኪያ ነው። በስልክ ላይ የሚጫኑ የዋይፋይ መለኪያ መተግበሪያዎች −50 ወይም −70 የሚሉ ቁጥሮች ያሳያሉ። ቁጥሩ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ሲግናሉ ጠንካራ ነው፤ በ10 በወረደ ቁጥር ደግሞ ጉልበቱ ወደ አንድ አሥረኛ ይቀንሳል። ስለዚህ −50 በሚነበብበት ክፍልና −80 በሚነበብበት ክፍል መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሺህ እጥፍ ነው። ለቪዲዮ −67 አካባቢ እንደ ዝቅተኛ ልክ ይወሰዳል። ከ−80 በታች ግንኙነቱ ቢኖርም እንኳ ጨዋታ ለመከታተል አያስችልም።

ንግግሩ የሁለት ወገን ነው

በምዕራፍ 4 ስለ ዲሽ ሲነሳ አንድ ነገር ተብሎ ነበር፤ ዲሽ ይቀበላል እንጂ አይመልስም። የኢትዮጵያ ጣቢያዎች የሚገኙበት ኤን.ኤስ.ኤስ. 12 የተባለው ሳተላይት፣ በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ሆኖ ለሁሉም አንድ ዓይነት ሞገድ ይለቃል። የአንድ ቤት ዲሽ መኖር አለመኖሩን ሳተላይቱ አያውቅም።

ኢንተርኔት ከዚህ ይለያል። ቪዲዮው ተቆራርጦ በትንንሽ ጥቅሎች ይመጣል፤ በአየር ላይ ለሚያልፈው ለእያንዳንዱ ጭነት ቴሌቪዥኑ «ደርሶኛል» ብሎ መመለስ አለበት። መልሱ ካልተሰማ ራውተሩ ጥቅሉን እንደገና ይልካል። ስለዚህ ራውተሩ ጮክ ብሎ መናገሩ ብቻ አይበቃም፤ ቴሌቪዥኑም መሰማት አለበት። ትልልቅ አንቴና ያለው ራውተር ገዝተው ለውጡ ትንሽ የሆነባቸው ቤተሰቦች ያጋጠማቸው ይህ ሊሆን ይችላል።

ቴሌቪዥኑ ደግሞ ለዚህ ንግግር የተመቸ ዕቃ አይደለም። አንቴናው ትንሽ ነው፤ ያለውም ሰፊ የብረት ሰሌዳ ከያዘው ገላው ውስጥ ነው፤ ጀርባው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ስልክ የያዘ ሰው ሲግናል ሲያጣ ሁለት እርምጃ ይራመዳል፤ ቴሌቪዥን አይራመድም። የጌም ማጫወቻዎችም ድክመት አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን 4 ለምሳሌ ዋይፋዩ የሚያውቀው 2.4 ጊጋን ብቻ ነው፤ የገመድ መሰኪያው ግን በሰከንድ 1000 ሜጋ ቢት ይችላል። በየሰፈሩ ባሉ ፕሌይስቴሽን ቤቶች ዛሬም የሚያገለግለው ይህ ዕቃ የተሻለው በሩ ከጀርባው ያለው መሰኪያ ነው።

ሌላም መዘዝ አለ። በአንድ የዋይፋይ መስመር ላይ በአንድ ጊዜ የሚናገረው አንድ ዕቃ ብቻ ነው፤ መንገዱ አንድ ባጃጅ ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ሲግናል የደከመበት ዕቃ እንዳይሳሳት ቀስ ብሎ ይናገራል፤ ቀስ ባለ መጠን መንገዱን ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ከጓሮ ያለው ቴሌቪዥን ሲንተፋተፍ ራውተሩ አጠገብ ያሉትንም ስልኮች ያዘገያል። የአንዱን ዕቃ ችግር መፍታት የቤቱን ሁሉ ኢንተርኔት ያፈጥናል ማለት ነው።

መቀበያው ሌላ፣ ማሳያው ሌላ

የምዕራፉ ዋና ሐሳብ እዚህ ላይ ነው። ሞገዱን የሚቀበለው ዕቃና ምስሉን የሚያሳየው ዕቃ አንድ ቦታ ላይ መሆን የለባቸውም።

ባጃጅ የማይገባበት ሰርጥ ውስጥ የሚኖር ሰው በሩ ላይ ቆሞ እጁን አያውለበልብም፤ ባጃጅ እስከሚደርስበት አስፋልት ወጥቶ ይሳፈራል። ቴሌቪዥኑም እንዲሁ ይደረግለታል። የራውተሩ ሲግናል ደህና የሚደርስበት ቦታ ይፈለጋል፤ ኮሪደሩ ሊሆን ይችላል፣ የመስኮት ደፍ ሊሆን ይችላል፣ በረንዳው ሊሆን ይችላል። እዚያ አንድ ትንሽ መቀበያ ይቀመጣል። ከመቀበያው እስከ ቴሌቪዥኑ ያለው ቀሪ መንገድ በገመድ ይሄዳል። መቀበያው በአንድ በኩል ከዋይፋዩ ጋር ይነጋገራል፣ በሌላው በኩል ጭነቱን ወደ ገመድ ያዛውራል፤ ቤት ውስጥ የተተከለ ሁለተኛ ትንሽ ጣቢያ ነው። ቴሌቪዥኑ በመሀል አየር መኖሩን እንኳ አያውቅም፤ የሚያየው የተሰካበትን ገመድ ብቻ ነው።

ይህ ዕቃ በባለሙያዎች ዘንድ ብሪጅ ይባላል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የመጀመሪያው ኤክስቦክስ የጌም ማጫወቻ ዋይፋይ አልነበረውም፤ የገመድ መሰኪያ ብቻ ነበረው። በዚህ ምክንያት ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2003 ሞገዱን ተቀብሎ በገመድ የሚያቀብል ለብቻው የሚሸጥ ዕቃ አወጣለት። ዛሬ ለዚህ ሥራ ተብለው የተሠሩ ትንንሽ ሳጥኖች አሉ፤ ብዙዎቹ አነስተኛ ራውተሮችም «ክላየንት» ወይም «ብሪጅ» ወደሚባል አሠራር ሲቀየሩ ይህንኑ ያደርጋሉ። ከመሳቢያ የተጣለ አሮጌ ራውተር እንኳ ይህ አሠራር ካለው ሊያገለግል ይችላል።

ትልቁ ጥቅሙ አንዱ መቀበያ ለብዙ ዕቃ መብቃቱ ነው። ከጀርባው ስዊች የሚባል የገመድ ማከፋፈያ ቢሰካ ቴሌቪዥኑ፣ ሪሲቨሩና ፕሌይስቴሽኑ ሁሉ በአንድ የአየር ጉዞ ይገናኛሉ። ሦስት ደካማ አንቴናዎች በየፊናቸው ከራውተሩ ጋር ከመታገል አንድ ጠንካራ አንቴና ሦስቱንም ወክሎ ይናገራል።

ሁለት ጥንቃቄዎች ግን አሉ። የመጀመሪያው አድራሻ ነው። በምዕራፍ 5 እንደተብራራው፣ በቤቱ ኔትወርክ ውስጥ ለየዕቃው አድራሻ የሚያድለው አንድ ዕቃ ብቻ መሆን አለበት፤ እሱም ዋናው ራውተር ነው። አሮጌ ራውተር ብሪጅ ሲደረግ የራሱ የአድራሻ እደላ መዘጋት አለበት። ሁለቱም ራውተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ 192.168.1.1 የሚል አንድ ዓይነት አድራሻ ይዘው ከሆነ የአንዱ መለወጥ አለበት፤ አለበለዚያ ሁለት ጣቢያ በአንድ ስም ይጠራና ጭነቱ የት እንደሚወርድ አይታወቅም።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ሲገዛ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። የተለመደው የዋይፋይ ጥቅል የሚይዘው ሦስት አድራሻ ነው፤ ከመቀበያው ጀርባ ያሉ በርካታ ዕቃዎች በየራሳቸው ማንነት እንዲታወቁ አራተኛ አድራሻ ያስፈልጋል። ይህን የማይችል ሳጥን የራሱን አድራሻ እየለጠፈ ያልፋል፤ አንዳንዱም ከጀርባው አንድ ዕቃ ብቻ ያስተናግዳል። ስለዚህ «ስንት ዕቃ ያወጣል?» ብሎ መጠየቅ ገንዘብ ያድናል።

ሐዲዱን እስከ ሳሎን መዘርጋት

ብሪጅ የሚያስፈልገው ገመድ መዘርጋት ሲያስቸግር ነው። ገመዱ ከተቻለ ግን ከገመድ የሚበልጥ የለም። የኔትወርክ ገመድ በደንቡ እስከ 100 ሜትር ድረስ ያለ ምንም ረዳት ይሠራል፤ አብዛኛው ግቢ ከዚህ ያነሰ ነው። ግድግዳ አያዳክመውም፣ የጎረቤት ራውተር አይረብሸውም፣ መላክና መቀበሉንም በአንድ ጊዜ ያካሂዳል።

በገመዱ ውስጥ 8 ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ፤ ሁለት ሁለት ሆነው እንደ ሹሩባ ተጠማዘዋል። መጠማዘዙ ለውበት አይደለም። ከውጭ የሚመጣ ረብሻ ሁለቱን ሽቦ እኩል ስለሚነካ ተቀባዩ ልዩነታቸውን ብቻ ሲያነብ ረብሻው ይጣፋል። ይህን ዘዴ አሌክሳንደር ግርሃም ቤል ለስልክ መስመር ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1881 ነው። አፄ ምኒልክ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን የስልክ መስመር ማስዘርጋት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1894፣ ድሬዳዋ ገና ከተማ ሳትሆን ነበር። የዛሬው የሳሎን ገመድ የዚያ ዘመን ዕውቀት ወራሽ ነው።

የቴሌቪዥን ሻጮች የማይናገሩት አንድ ነገር አለ፤ የብዙ ስማርት ቴሌቪዥኖች የገመድ መሰኪያ የሚችለው 100 ሜጋ ቢት በሰከንድ ብቻ ነው። ይህ ቁጥር አያስደነግጥም። ኔትፍሊክስ ለደንበኞቹ ለሙሉ ኤችዲ የሚመክረው 5 ሜጋ፣ ለ4ኬ ደግሞ 15 ሜጋ ነው። ለምስል የሚያስፈልገው የፍጥነት ብዛት ሳይሆን የፍጥነት አለመዋዠቅ ነው፤ ገመድ የሚሰጠውም ይህንኑ ነው።

ገመድ ሲገዛ ግን መመርመር ያስፈልጋል። በገበያው ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ ላዩ ብቻ መዳብ የተቀባ ገመድ አለ። ሽቦውን በምላጭ ፋቅ ሲያደርጉት ነጭ ሆኖ ከታየ ያ ነው፤ ቶሎ ይሰበራል፣ በረጅም ርቀትም ይዳከማል። ጫፎቹ ሲታሰሩም በሁለቱም በኩል የቀለሞቹ ቅደም ተከተል አንድ መሆን አለበት። 1000 ሜጋ የሚችሉ ሁለት ዕቃዎች በ100 ብቻ ከተገናኙ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሽቦ ተቆርጧል ወይም በደንብ አልገባም ማለት ነው፤ ምክንያቱም 100 ሜጋ በ4 ሽቦ ይሄዳል፣ 1000 ሜጋ ግን 8ቱንም ይፈልጋል።

ሱቅ ውስጥ የሚቀርቡ ሌሎች አማራጮች

ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገብቶ «ዋይፋዩ ሳሎን አይደርስም» የሚል ሰው መጀመሪያ የሚቀርብለት ሲግናል ማራዘሚያ ነው፤ ኤክስቴንደር ወይም ሪፒተር ይሉታል። ይህ ዕቃ የሰማውን መልሶ ይናገራል። በአንድ መስመር ሰምቶ በዚያው መስመር የሚደግም ከሆነ እያንዳንዱ ጥቅል አየሩን ሁለት ጊዜ ይይዛል፤ ፍጥነቱም ወደ ግማሽ ይወርዳል። ሁለቱን የሞገድ ክልሎች ከፋፍሎ የሚጠቀመው ዓይነት ከዚህ ይሻላል። የገመድ መሰኪያ ያለው ማራዘሚያ ከሆነ ደግሞ ቴሌቪዥኑን በገመድ ማገናኘት ሁለተኛውን የአየር ጉዞ ያስቀራል፤ ማራዘሚያው እንደ ብሪጅ ሆኖ ያገለግላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በአቀማመጡ ላይ ነው። ማራዘሚያው ሲግናል በሞተበት ቴሌቪዥን አጠገብ ይሰካል። የማይሰማውን ሊደግም አይችልም። ቦታው ሲግናሉ ገና ሳይደክም፣ በራውተሩና በሳሎኑ መሀል ነው።

ሜሽ የሚባለው የበርካታ ሳጥኖች ስብስብ ይህንኑ ሥራ በተቀናጀ መንገድ ይሠራል። ለሰፊ ቤት ጥሩ ነው፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል፣ ለአንድ ቴሌቪዥን ሲባል ብቻ መግዛት አያስፈልግም።

ሌላው አማራጭ መረጃውን በቤቱ የመብራት መስመር ላይ መላክ ነው። የመብራቱ 220 ቮልት በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ መረጃው በሚሊዮን በሚቆጠር ፍጥነት በሚርገበገብ ሌላ ሞገድ በዚያው ሽቦ ላይ ይጫናል። አንዱ መሰኪያ ራውተሩ አጠገብ፣ ሌላው ቴሌቪዥኑ አጠገብ ይሰካል። ሁለቱ በአንድ ቆጣሪ ሥር መሆን አለባቸው፤ ግድግዳው ላይ በቀጥታ መሰካትም ይኖርባቸዋል። ስታብላይዘር ውስጥ ከተሰኩ ስታብላይዘሩ ሞገዱን ሊውጠው ይችላል። የቤቱ የመብራት ሽቦ አሮጌ ከሆነና መገጣጠሚያው ከበዛ ውጤቱ አይታመንም፤ ስለዚህ የሚመልስ ሱቅ ካልተገኘ መግዛቱ ቁማር ነው።

በአንድ ግቢ ሁለት ቤት

ራውተሩ በዋናው ቤት፣ ቴሌቪዥኑ በጓሮው ሰርቪስ ቤት ሲሆን፣ በመሀላቸውም ግቢ ሲኖር ነገሩ በአንድ በኩል ይቀላል። ገላጣ ግቢ ከግድግዳ ይሻላል። መቀበያው ራውተሩን በመስኮት ወይም በበረንዳ በኩል እንዲያይ ተደርጎ ከተቀመጠ 5 ጊጋ እንኳ ያለ ችግር ይሻገራል። ርቀቱ ከበዛ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚናገሩ የውጭ አንቴናዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሸጣሉ፤ አንዱ ከዋናው ቤት፣ ሌላው ከጓሮው ፊት ለፊት ይተያያሉ።

የድሬዳዋ ፀሐይ ግን ግምት ውስጥ መግባት አለባት። ብዙ የቤት ራውተሮች የተሠሩት እስከ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ላለ ሙቀት ነው። በበጋ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለው አየር ይህን ሊያልፍ ይችላል፤ የጋለ ሪሲቨር ላይ የተደረበ ራውተርም እንዲሁ። ዕቃው ጥላ ያለበት፣ አየር የሚዘዋወርበት ቦታ ይሻዋል። ለቤት ውስጥ የተሠራ ገመድ ፀሐይ ላይ ከተዘረጋ ልባሱ ይሰነጣጠቃል፤ ለውጭ የተሠራ ጥቁር ገመድ መጠቀም ወይም በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ማሳለፍ ያስፈልጋል።

ሁለት ቤት በመዳብ ገመድ ማገናኘት ደግሞ መብረቅን መጋበዝ ሊሆን ይችላል። በአንዱ ቤት አቅራቢያ መብረቅ ሲወድቅ ኃይሉ በገመዱ በኩል ሌላው ቤት ገብቶ ራውተሩንም ቴሌቪዥኑንም ሊያቃጥል ይችላል። በቤቶች መሀል የአየር ብሪጅ ወይም አጭር ፋይበር መምረጥ ይህን አደጋ ያስቀራል። ሁለቱ ቤቶች የተለያየ ቆጣሪ ካላቸው የአንዱ መብራት ሲጠፋ የሌላው ኢንተርኔት እንደሚቋረጥም መታወቅ አለበት።

ከመግዛት በፊት የሚደረግ ምርመራ

ምርመራው ስልክ ብቻ ይበቃዋል። በመጀመሪያ ራውተሩ አጠገብ ቆሞ ፍጥነቱን መለካት ያስፈልጋል። እዚያም ከ5 ሜጋ በታች ከሆነ ችግሩ የሚመጣው ከውጭ ነው፤ ቤት ውስጥ የሚገዛ ምንም ዕቃ አይፈታውም። ራውተሩ አጠገብ 20 ሜጋ፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ 2 ሜጋ ከሆነ ግን ጉዳዩ በዚህ ምዕራፍ የተነገረው ነው።

ቀጥሎ ስልኩን ይዞ ከራውተሩ ወደ ቴሌቪዥኑ ቀስ ብሎ መራመድና ቁጥሩ በድንገት የሚወርድበትን ቦታ ማግኘት ነው። አንድ በር፣ አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ፣ አንድ ፍሪጅ ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ራውተሩን ከመደርደሪያ ሥር አውጥቶ ከፍ ወዳለ ቦታ ማንሳት ብቻ ይበቃል፤ ይህም ምንም ወጪ የለውም። ካልበቃ ቁጥሩ ሳይወርድ የሚቀርበት የመጨረሻው ቦታ የመቀበያው ቦታ ነው። ከዚያ እስከ ቴሌቪዥኑ ያለውን ርቀት በሜትር ለክቶ፣ ያን ያህል ገመድና አንድ መቀበያ መግዛት ነው።

ፋይበር ለማስገባት ቀጠሮ የያዙ አንባቢዎች ደግሞ ይህን ሁሉ ከመጀመሪያው ማስቀረት ይችላሉ። ባለሙያው ግድግዳውን ከመብሳቱ በፊት ቴሌቪዥኑ የት እንደሚቀመጥ ያሳዩት፤ ራውተሩ ወደዚያ እንዲጠጋ ይጠይቁት። ቤት እየሠሩ ከሆነም ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት ከፊት ክፍል እስከ ሳሎን አንድ ባዶ የፕላስቲክ ቱቦ በግድግዳው ውስጥ ያስቀብሩ። ልስኑ ካለቀ በኋላ ያንኑ ሥራ ለመሥራት ግድግዳ ማፍረስ የግድ ይሆናል።